ፍርሃት ፈራጃችን እንዳይሆን

የነገረ መለኮት ተመራቂዎች፣ ወደየአጥቢያችሁ ስትሄዱ ከባድ ጥያቄ ይጠብቃችኋል። ሰው በዘሩ ወይም በእምነቱ በተገደለ ማግስት ምእመናን ወደ እናንተ ዞረው «አሁንስ ምን እናድርግ?» ይላሉ። ሐሳቤን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ግፈኛ የሚገድለው ጥቂቶችን ቢሆንም የሚያነጣጥረው በተረፉት ላይ ነው። የተረፉት በፍርሃት ተይዘው ጎረቤታቸውን እንደ ጠላት ማየት ከጀመሩ፣ እሱ የጀመረውን እነሱ ይጨርሱለታል። ስለዚህ በክርስቶስ የተማርነው ርኅራኄ ግፍን ከሚቀጥልበት መንገድ ላይ የሚያስቆም ብርቱ ሥራ ነው።

ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ከተማ የሆነውን እንመልከት። ኢማኑኤል የተባለችው ጥንታዊ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ረቡዕ ማታ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ተሰብስበው ነበር። አንድ የማያውቁት የ21 ዓመት ነጭ ወጣት ገባ። የጥናቱን ወረቀት ሰጡት፤ ከመጋቢው ከክሌመንታ ፒንክኒ አጠገብም ተቀመጠ። የዕለቱ ጥናት በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ያለው የዘሪው ምሳሌ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል አብሯቸው ቆየ። ለመዝጊያው ጸሎት ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ሽጉጡን አውጥቶ ተኮሰ፤ ከ26 ዓመት ወጣት እስከ 87 ዓመት እናት ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ወጣቱ ራሱ እንደጻፈው ልቡን የመረዘው ስለ ጥቁሮች ወንጀል በኢንተርኔት ሲፈልግ ያነበበው ነገር ነበር። ምኞቱም በዘሮች መካከል ጦርነት እንዲነሣ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ለዋስትና ጉዳይ ችሎት ቀረበ፤ የሟቾች ቤተሰቦችም የመናገር ዕድል ተሰጣቸው። እናቷ የተገደለችባት ሴት ይቅር እንዳለችው ነገረችው። ሚስቱን ያጣ ባል ንስሐ እንዲገባ ለመነው። የተመኘው ጦርነት አልተነሣም። ይልቁንም በሳምንታት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረው፣ ባርነትን ይደግፉ የነበሩት የደቡብ ግዛቶች የኮንፌዴሬሽን ባንዲራ ከግዛቲቱ ምክር ቤት ግቢ ወረደ። ይህን ሁሉ ይቅርታው ብቻውን አመጣው አልልም። ነገር ግን ከዚያ ችሎት የወጣው ድምፅ የበቀል ጥሪ ቢሆን ኖሮ ገዳዩ የፈለገውን ባገኘ ነበር።

«እንግዳውን ባይቀበሉት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር» የሚል አይጠፋም። ሐዘን ያለበት ጥያቄ ነውና በቀላሉ አናልፈውም። ገዳዩ ለፖሊስ ሰጠው ተብሎ በተዘገበው ቃል፣ በጣም መልካም ስለሆኑለት ሐሳቡን ሊተወው ምንም አልቀረውም ነበር። በዚያች ሌሊት ክፋቱን ለመግታት የተቃረበው ደግነታቸው ነው። ጥበቃው የላላው ሌላ ቦታ ነበር፦ መሣሪያው ሊሸጥለት ይገባ እንዳልነበረና ስሕተቱ መሣሪያ ገዢዎችን በማጣራት ሂደት እንደተፈጠረ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) ዳይሬክተር በኋላ አምነዋል። እንግዲህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ በደጃፍ ጥበቃ ማቆምም ኃጢአት የለበትም። ጥበቃው ግን መሣሪያ ይፈትሽ እንጂ ዘር አይፈትሽ።

ሌሎች ደግሞ ይቅርታ ፍትሕን ያዳክማል ይላሉ። ይቅር ባይነታቸው ዳኝነቱን አላስቆመም፤ ገዳዩ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሏል። ከሟቾቹ ቤተሰቦች መካከል ለይቅርታ ገና እንዳልደረሱ የተናገሩም ነበሩ። እነሱንም አክብሩ። የተጎዳን ሰው «ይቅር በል» ብሎ ማጣደፍ በቁስል ላይ ጭነት መጨመር ነው። የእናንተ ድርሻ እንባውን መጋራት፣ እውነቱ እንዲወጣ መቆም፣ ያላጠፋው በአጥፊው ምክንያት እንዳይቀጣ መከላከል ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዚያው በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በሊቢያ በእስልምና ስም የሚነግዱ ታጣቂዎች ያገቷቸው ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሲገደሉ በቪዲዮ አይተናል፤ አገር በሙሉ ለሦስት ቀን ሐዘን ተቀምጧል። የገዳዮቹ ሥራ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ሳይቀር ክርስቲያኑ ሙስሊም ጎረቤቱን እንዲጠረጥር ሊያደርግ ይችል ነበር። ሙስሊሞቻችን ግን ግድያውን በይፋ አወገዙ፤ ሐዘኑም የጋራ ሆነ። ይህ የሆነው ለቅሶ መድረስ፣ ቡና መጠጣት፣ በእድር መረዳዳት ከመከራው ቀን በፊት ስለነበሩ ነው። ርኅራኄ በጥቃት ማግስት በድንገት አይበቅልም። በአገራችን ሥሩ ጥልቅ ነው፦ በሰባተኛው መቶ ዘመን የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም ሲመጡ፣ ክርስቲያኑ ንጉሥ ስጦታ ይዘው «መልሱልን» ያሉትን የመካ መልእክተኞች ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹንም አቁሞ አዳመጠ፤ አሳልፎ ሊሰጣቸውም እንቢ አለ። ፍርሃት ሳይሰማ ይፈርዳል። ርኅራኄ ግን አስቀድሞ ይሰማል።

ውድ ተመራቂዎች፣ ጌታችን «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አይሁድ የሚንቁትን ሳምራዊ አርአያ አድርጎ አቀረበ። እናንተን የማይመስለውን ሰው ለቅሶ ቤት ድረሱ። በስልካችሁ የደረሰውን የጥላቻ ወሬ ሳታጣሩ ለሌላ አትላኩ። ምእመናኑ በቁጣ ሲነሡ ከፊታቸው ቆማችሁ የበደለውንና ያልበደለውን ለዩ። ለዚህ ስትሉ «ፈሪ» ወይም «ከሃዲ» ልትባሉ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ የተማራችሁት ሁሉ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።