በእጅ የሚያዝ ፍሬንና የሳነቴ ቁልቁለት



እግሩ የማይታዘዝለት ሰው መኪና ይነዳ ዘንድ የሚያስችለው መሣሪያ ቀላል ነው፤ ከመሪው ሥር የተገጠመ ዘንግ ወደ ፊት ሲገፋ ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ታች ሲሳብ ነዳጅ ይሰጣል። ፍሪሲዮን ሦስተኛ እጅ ስለሚሻ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይመረጣል።

ከሮቤ እስከ ጎባ ይህ ይበቃል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሻገረው መንገድ ግን ሳነቴ ላይ 4000 ሜትር አልፎ በሐረና ጫካ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የፍሬኑ ሰርቮ የሚያግዘው በዚሁ ግፊት ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ እገዛውም ይሳሳል። በእግሩ የሚነዳ ጠንክሮ ይረግጣል፤ ክንድ ግን ያን ጉልበት ከየት ያመጣል? ዘንጉን ማርዘም ይረዳል፤ ነገር ግን እጅ የሚገፋበት ርቀት ይጨምራል። ስለዚህ ልኩ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ተፈትኖ ሊጸድቅ አይገባም፤ ነጂው ራሱ ሳነቴ ላይ ይሞክረው።