ተኝቶ ስለ መቅረት
(ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ከተደረገ ንግግር)



ለቅሶ ቤት ደርሰን «ምን ነካው?» ስንል፣ «ምንም አልነበረበትም፤ ተኝቶ በዚያው ቀረ» የሚል መልስ ስንት ጊዜ ሰምተናል! የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ዓይነቱ ሞት ምክንያት ሊሆን ስለሚችል አንድ ሕመም፣ ይኸውም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ስለ መቋረጡ ነው።

ያንኮራፋ ሁሉ ታመመ ማለት አይደለም። ምልክቱ ዝምታው ነው። ሰውየው ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም፤ ከዚያ እንደ ታነቀ ሰው ደንግጦ ይተነፍሳል። ጠዋት ቢጠይቁት «ደህና አደርሁ» ነው የሚለው። ምስክሯ ባለቤቱ ናት፤ እሷም ወደ ልጆቹ ክፍል ካልሸሸች! 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቆየውን መቋረጥ ሐኪሞች ይቆጥሩታል፤ በሰዓት 30 ጊዜ ከደረሰ ብርቱ ይሉታል።

በአንገት ዙሪያና በምላስ ውስጥ የተጠራቀመ ስብ ጉሮሮን ያጠባል፤ እንቅልፍ ጡንቻውን ሲያላላው ይዘጋል። ታዲያ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጆንያ እንዳይመስላችሁ። በደም ያለው ኦክሲጅን በወረደ ቁጥር የሆድ ስብ ይቆጣል፣ ቅባቱን ወደ ደም ይለቃል፣ ኢንሱሊንም በደንብ እንዳይሠራ ያውካል። ልብም ማረፍ በሚገባው ሰዓት ዳገት እንደሚወጣ ሰው ይለፋል። ደም ብዛት በመድኃኒት አልወርድ ሲል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የልብ ምት መዛባትም ከዚሁ ጋራ ይመጣል።

የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት፣ በድንገተኛ የልብ ሞት ከሞቱት መካከል ይህ ሕመም የነበረባቸው 46 በመቶዎቹ የሞቱት ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ሕመሙ ከሌለባቸው ግን በዚያ ሰዓት የሞቱት 21 በመቶ ናቸው።

ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 በአፍንጫ አየር እየገፋ ጉሮሮን የሚከፍት መሣሪያ አስተዋውቀዋል። መሣሪያው ትንፋሹን ያስተካክላል፣ የቀን ድብታንም ያስለቅቃል፤ ለልብ ግን ብቻውን መድን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት የልብ በሽተኞችን ከዳግም አደጋ መጠበቁን አላሳየም፤ እርግጥ አብዛኞቹ በሌሊት ከ4 ሰዓት ያነሰ ነበር ያጠለቁት።

ክብደት መቀነስ የመቋረጡን ቁጥር ያሳንሳል። በጎን መተኛትና የማታዋን አረቄ መተው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። በተለይ ሾፌር የሆናችሁ፣ መሪ ይዛችሁ የምታንቀላፉ ከሆነ፣ ደም ብዛት ልትለኩ ስትሄዱ ባለቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱና የሌሊቱን ዝምታ እሷ ለሐኪሙ ትንገረው።