ሸክላን ከነባለቤቶቹ ማዳመጥ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች፣ «በየቤተ መጻሕፍታችን የድምፅ ክፍል ሊገኙ የሚገባቸውን የውጭ አገር ሸክላዎች ንገረን» ባሉኝ ጊዜ ጥያቄው ቀላል መስሎኝ ነበር። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት በተቀመጥሁበት ሰሞን ግን አንድ አዛውንት ወደ መሥሪያ ቤታችን መጥተው፣ በወጣትነታቸው ከበሮ የመቱበትን ሸክላ ጠየቁኝ። ሸክላው ተገኘ፤ በእኔው እጅ በተጻፈው የመዝገብ ካርድ ላይ ግን ከድምፃዊው በቀር የማንም ስም አልነበረም። እርሳቸውም ካርዱን አይተው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ ዘፈኑ የእርሱ ነው፤ ምቱ ግን የእኔ ነበር» አሉኝ።

ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ ሦስት ሸክላዎችን ብቻ ነው። የመረጥኋቸውም ከውበታቸው ሌላ፣ ከድምፁ በስተኋላ ያለውን ሰው በስሙ ስለ መጥራት የሚያስተምሩን ነገር ስላላቸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ በ1959 ያወጣው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለው የጃዝ ሸክላ ነው። የተቀረጸው በኒው ዮርክ በሁለት ቀን፣ ማለትም በማርች 2 እና በኤፕሪል 22 ነው። ዴቪስ ለጓደኞቹ የሰጣቸው አጭር ንድፍ እንጂ ተጽፎ ያለቀ ድርሰት አልነበረም፤ በየአፍታው የሚለዋወጥ ኅብረ ድምፅ ከመከተል ይልቅ በአንድ ቅኝት ላይ ረግተው ዜማ እንዲፈጥሩ አደረጋቸው። ቅኝትን ለለመደው ጆሯችን ይህ አካሄድ ባዕድ አይሆንበትም። ሳክስፎኑን ጆን ኮልትሬንና ካነንቦል አደርሊ፣ ፒያኖውን ቢል ኢቫንስ፣ በአንድ ዜማ ላይ ብቻ ደግሞ ዊንተን ኬሊ፣ ባሱን ፖል ቼምበርስ፣ ከበሮውን ጂሚ ኮብ ተጫውተዋል። ለሙያችን የሚጠቅም አንድ ታሪክም አለው። በመጀመሪያው ቀን ዋናው መቅረጫ መኪና ዝግ ብሎ ይዞር ስለ ነበር፣ የአንደኛው ገጽ ሦስት ዜማዎች ከትክክለኛው ድምፅ ጥቂት ከፍ ብለው ታተሙ፤ ስሕተቱ በ1992 በወጣው እትም እስኪታረም ድረስም ዓለም ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲሁ ሲሰማው ኖረ። ሊታረም የቻለውም በሌላ መኪና የተቀዳው መጠባበቂያ ቅጂ ሳይጠፋ በመቆየቱ ነው።

ሁለተኛው ከብራዚል ነው፤ ቲም ማያ በ1978 ያወጣው «ቲም ማያ ዲስኮ ክለብ»። የሪዮ ዴ ጃኔይሮው ማያ በ1959 ገና በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ጥቂት ዓመታት ኖረ፤ ወደ አገሩ ሲመለስም የጥቁር አሜሪካውያንን የሶል አዘፋፈን ይዞ ገባ። በዚህ ሸክላ ላይ ያ ወፍራም ድምፁ በዲስኮ ምትና በነሐስ መሣሪያዎች ታጅቦ ይሰማል፤ ለጀማሪ «ሶሴጉ» የተሰኘውን ዘፈን እመርጣለሁ። አቀናባሪው ሊንከን ኦሊቬቲ ነበር። ኦሊቬቲ ከዚያ በኋላ የብዙ ብራዚላውያንን ዘፈኖች ሲያቀናብር፣ የአገሩን ሙዚቃ አንድ ዓይነት መልክ አስያዘው ተብሎ በተቺዎች ተነቅፏል። ነገር ግን በ1982 ከሮብሶን ዦርዢ ጋር በሁለቱ ስም ያወጣው ሸክላ ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ሆኗል።

ሦስተኛው ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስት የተባሉት የኒው ዮርክ ወጣቶች በ1991 ያወጡት «ዘ ሎው ኤንድ ቲዮሪ» ነው። በሂፕ ሆፕ ግጥሙ በምት ላይ ይነገራል፤ ምቱም ብዙ ጊዜ ከቆዩ ሸክላዎች ተቀንጭቦ ይገጣጠማል። «ቨርስስ ፍሮም ዘ አብስትራክት» ለተባለው ዘፈን ግን ቅንጭብ አልበቃቸውም። ከፖል ቼምበርስ በኋላ፣ ከ1963 እስከ 1968 ከማይልስ ዴቪስ ጋር የተጫወተውን ሮን ካርተርን ራሱን ጠርተው ባስ አስጫወቱት፤ ገጣሚውም በዚያው ዘፈን ውስጥ ስሙን ጠርቶ አመሰገነው። ለእኔ የዚህ ሸክላ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ነገሩ ወደ እኛም ደጅ ደርሷል። ናስና ዳሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የመጀመሪያው ዘፈን የተሠራው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በተወሰደ ቅንጭብ ነው። ያን የሰማ የሩቅ አገር ወጣት ስለ ቆዩት ሸክላዎቻችን፣ «ባሱን ማን ተጫወተ? ከበሮውንስ ማን መታ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ የሚጠበቀው ከእኛ ካርድ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ሦስቱን ሸክላዎች እንድታስገቡ ብቻ አይደለም። በየካርዱ ላይ የተጫዋቾቹ፣ የአቀናባሪውና የቀረጻው ቀን ይመዝገብ፤ ለራሳችንም ሸክላዎች ይኸው ይደረግ። በሽፋኑ ላይ ያልተጻፈውን በሕይወት ያሉት አረጋውያን ያውቁታልና ሳይመሽ እንጠይቃቸው።

እኔ ካርዴን አርሜያለሁ። የአዛውንቱ ስም ገብቷል፤ እርሳቸው የነገሩኝ የሁለት ጥሩምባ ነፊዎች ስምም ገብቷል። የባሱን ተጫዋች ስም ግን እርሳቸውም ሊያስታውሱት አልቻሉም።