የማይረን ሮል ቅዳሜ

ወጣት አንድ ነገር ሲሳካለት ሌላውን እንዲተው እንመክረዋለን፤ ሁለት ነገር የያዘ ልቡ ይከፈላል እንላለን። ይህ ምክር ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ማስረጃዬ ማይረን ሮል ነው። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የኋላ ተከላካይ ሳለ የመጀመሪያ ዲግሪውን በሁለት ዓመት ተኩል ጨረሰ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2008፣ ቅዳሜ፣ ሁለት ጥሪ ተጋጨበት፦ ኦክስፎርድ የሚያስተምረው የሮድስ ስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቅ አላባማ ውስጥ በርሚንግሃም ላይ፣ ጨዋታው ደግሞ ሜሪላንድ። አሠልጣኙ ቦቢ ቦውደን ፈቀዱለትና መጀመሪያ ወደ ቃለ መጠይቁ ሄደ። መመረጡን ከሰማ በኋላ በኪራይ አውሮፕላን በረረ፤ ሜዳው ሲደርስ ሁለተኛው ሩብ ይዟል፤ ማሊያውን ለብሶ ገባ። ቡድኑ 37 ለ 3 አሸነፈ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ከባዱ ግን የቀረው ነው። ሮል የመጨረሻውን የኮሌጅ የጨዋታ ዘመን ትቶ ኦክስፎርድ ሕክምና ነክ አንትሮፖሎጂ ተማረ። በ2010 የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) አዳዲስ ተጫዋቾች ሲመረጡ የተጠራው 207ኛ ሆኖ ነው፤ በመደበኛ የሊግ ጨዋታም አንድ ቀን አልተሰለፈም። ትምህርቱ ዋጋ አስከፍሎታል የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም፤ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ከ100 የኮሌጅ ተጫዋቾች ኤንኤፍኤል የሚደርሱት ሁለት አይሞሉም። ሮል በ2017 ከሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ገብቶም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሠለጠነ። ይህም ኳስ ሲከዳው የፈለገው መሸሸጊያ አልነበረም። ገና ልጅ ሳለ ወንድሙ የሰጠው የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ የቤን ካርሰን የሕይወት ታሪክ ነው ምኞቱን የዘራበት። ወላጆች፣ ይህን ልብ በሉልኝ! ለልጅ ስልክ ስንገዛ ዋጋ አንጠይቅም፤ መጽሐፍ ሲሆን ግን ተወደደ እንላለን። ይህ ልማድ ያሳዝነኛል፤ እባካችሁ ተዉት።

ሮል ልዩ ሰው ስለሆነ ምሳሌ አይሆንም ትሉ ይሆናል። አለን ፔጅስ? በ1971 የኤንኤፍኤል ኮከብ ተጫዋች የተባለው ይህ ተከላካይ፣ እየተጫወተ ሕግ ተምሮ በ1978 ተመረቀ፤ ከዚያ በኋላም እስከ 1981 ተጫወተ። ከ1993 እስከ 2015 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። መማሩ ከሜዳ አላስወጣውም። ስለዚህ ዛሬ እዚህ ያላችሁ አሠልጣኞችና አሠሪዎች፣ በእጃችሁ ያለ ወጣት ፈተና አለብኝ ብሎ ፈቃድ ሲጠይቃችሁ፣ ፊት ሳትነሱት ስጡት።