የሰላም ጊዜ ዝግጅት
የጎርፍ ቦይ የሚቆፈረው ክረምት ሳይገባ ነው። የስዊድን መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ጦርነት ቢመጣ ሕዝቡ ሊያደርገው የሚገባውን የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ለየቤቱ አደለ። የዓለም ሁኔታ ዳግመኛ ሲከብድ፣ በ2018 እና በ2024 ዓ.ም. እንደ ጊዜው አሻሽሎ ላከ። ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ውሃና ስንቅ አኑሩ፤ መከላከል ይቁም የሚል ወሬ ብትሰሙ ሐሰት ነው ይላል።

በዚያ አገር ሕግ ከ16 እስከ 70 ዓመት ያለ ነዋሪ ሁሉ የመከላከል ግዴታ አለበት። ይህም ለብዙዎች ጠመንጃ ማንሣት ሳይሆን የዘወትር ሥራን አለማቋረጥ ነው። ስለዚህ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊም ዘብ ነው ማለት ነው።

ሕዝቡ እንዳይሸበር ተብሎ የተደበቀ ነገር በክፉ ቀን የባሰ ሽብር ይወልዳል። እውነቱን በሰላም ጊዜ የተነገረው ሕዝብ ግን ድርሻውን ያውቃልና አይደነግጥም።