ውሃ የሌለበት አሲድ
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በደብተራችን ላይ «አሲድ ሰማያዊውን የሊትመስ ወረቀት ያቀላል» የሚል ቃል ተጽፏል። እኛም ይህንኑ በፈተና ላይ እየጻፍን ማርክ ስናገኝበት ቆይተናል። ዛሬ የምንነግራችሁ ይህ ቃል ስላልሠራበት አንድ ቀን ነው።

መምህራችን ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለውን ጋዝ አድርቀው ቶሉዪን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ አስገቡልን። ይኸው ጋዝ በውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይባላል። ሊትመሱን ነከርነው፤ ቀላ። ውጤቱን ልንጽፍ ስንል አንዲት ጓደኛችን ቱቦው ከታጠበ በኋላ በሚገባ አለመድረቁን ተናገረች። ገሚሶቻችን «መጽሐፉ ያለው ወጥቶልናልና ይበቃል» ብለን ተከራከርናት፤ ይህን ስንናገር አሁን እናፍራለን። በመጨረሻ ቱቦውንም ወረቀቱንም አድርቀን እንደገና ሞከርን። ሊትመሱ እንደ ሰማያዊነቱ ቀረ። እብነ በረድ ብንጨምርበት አንዲት አረፋ አልወጣችም። ሁለት ሽቦ አስገብተን ከባትሪ ጋር ብናገናኝ አምፑሉ አልበራም። ጥቂት ውሃ ጨምረን ብንነቀንቀው ግን ውሃው ከታች ተኛ፤ እብነ በረዱም በዚያው ይፍለቀለቅ ጀመር። ሽቦዎቹን ወደ ታች ብናወርዳቸው አምፑሉ በራ!

ብሮንስተድና ላውሪ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. በየፊናቸው እንዳመለከቱት፣ አሲድ ማለት ፕሮቶን የሚሰጥ ነው። ለሰጪ ተቀባይ ያስፈልገዋል። ውሃ ይቀበላል፤ ቶሉዪን እጁን አይዘረጋም። እንዲያውም ውሃ የመጣለትን ሁሉ ስለሚቀበል ብርቱዎቹን አሲዶች እኩል አስመስሎ ያሳየናል። ውሃ በሌለበት አሴቲክ አሲድ ውስጥ ግን ፐርክሎሪክ አሲድ ከሃይድሮክሎሪክ በልጦ ይገኛል። ሆልና ኮናንት በ1927 ዓ.ም. እንዲህ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚታየው የአሲድ ብርታት ጥናታቸውን አውጥተዋል።

የብረታ ብረት ጨዎችም እንዲሁ ናቸው። የብር ናይትሬትና የባሪየም ክሎራይድ በውሃ ውስጥ ሲገናኙ የብር ክሎራይድ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። በፈሳሽ አሞንያ ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጦ የሚዘቅጠው የባሪየም ክሎራይድ ነው። ፈሳሽ አሞንያ ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ ይህን በትምህርት ቤታችን ልንሠራው አልቻልንም።

የቻልነው በጠረጴዛው ላይ ነው። በአንደኛው ብልቃጥ ኮባልት ክሎራይድ በውሃ ሟሙቶ ሮዝ ሆኗል፤ ስድስት የውሃ ሞለኪውሎች እያንዳንዱን ኮባልት ከበውታል። በሁለተኛው ያው ጨው በአሴቶን ሟሙቶ ሰማያዊ ነው፤ ክሎራይዶቹ ከኮባልቱ አልተለዩም። ጠብታ ማንሻውና ውሃው አጠገቡ ስላለ፣ ከወላጆች ፈቃደኛ የሆኑ ቀርበው ሰማያዊውን ሮዝ ያደርጉት ዘንድ እንለምናለን። መርዝነት ስላለው ብቻ ጣት አይንካው፤ አሴቶንም ቶሎ ስለሚቀጣጠል ሲጋራ የያዙ እባክዎ ራቅ ይበሉልን።