ጥራጊያችን ወዴት ይሄዳል?



በቦሌም ሆነ በአያት ሠፈር የምንኖር ሰዎች ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤታችን ስንወጣ ጥራጊያችንን በጆንያ ጠቅጥቀን በደጃፋችን እናስቀምጣለን። የጽዳት ማኅበር ሠራተኞች በጋሪ ገፍተው ከገንዳው ያደርሱታል፤ መኪናም ያነሣዋል። ከዚያ ወዲያ አናስበውም። ነገር ግን ከዓይናችን ራቀ እንጂ ከምድር ላይ አልጠፋምና፣ ዛሬ መንገዱን አብረን ብንከተል መልካም ነው።

ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የከተማችን ጥራጊ በደቡብ ምዕራብ በኩል በረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ በሚጠራው ሥፍራ ሲደፋ ኖሯል። ቦታው በተመረጠ ጊዜ ከከተማው ውጭ ነበር፤ በኋላ ግን ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው። ክምሩም ተራራ አከለ። ስለዚህ በ2008 ዓ/ም በምሥራቅ በኩል በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ። የአገሩ ገበሬዎች ግን ሽታውና ከክምሩ የሚወርደው ፍሳሽ ውሃችንንና ከብቶቻችንን ጎዳ ብለው ስለ ተቃወሙ፣ ሥራው በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ/ም ምሽት የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከሥሩ የነበሩትን ጎጆዎች ተጫናቸው፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። በአገሩ ሁሉ የ3 ቀን ሐዘን ታወጀ።

የጉዳቱ ምንጭ ምንድን ነው? ከቤታችን ከሚወጣው ጥራጊ የሚበዛው የምግብ ትራፊ፣ ልጣጭና ቅጠል ነው። ይህ አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሜቴን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ዝናብም በክምሩ ውስጥ ሲያልፍ የባትሪውንና የኬሚካሉን መርዝ አጥቦ ወደ ወንዝ ያወርዳል። በ2010 ዓ/ም ነሐሴ በረጲ ከጥራጊ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ጣቢያ ተመርቋል፤ ሆኖም ርጥብ ጥራጊ በቀላሉ እንደማይነድድ በቤታችን ምድጃ እናውቀዋለን።

እንግዲህ መፍትሔው የሚጀምረው ከወጥ ቤታችን ነው። ልጣጩንና ትራፊውን ለብቻ እናጠራቅም፤ ጓሮ ያለን ቀብረን ለአትክልታችን ፍግ እናድርገው። ወረቀቱን፣ ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ለቆራሌው እንስጥ። ባትሪን ከሌላው ጥራጊ ጋር አንቀላቅል። በየመሥሪያ ቤታችንም የተጻፈበትን ወረቀት ከምሳ ትራፊ ጋር አንጣል።

«ከራስ በላይ ነፋስ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የሰንዳፋ ገበሬ የሚያርሰው እህል በእኛው ገበታ ላይ ይቀርባል፤ በቆሼ ሥር ያደረው ሕፃንም የከተማችን ልጅ ነበር። የጽዳቱን ዋጋ ስለ ከፈልን ብቻ ከኃላፊነት አንድንም።